አዲስ የተሠራ አፍንጫ መተንፈሻው እንዳይዘጋ፦ ለታካሚና ለአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ ቁስል በምናሽግበት ክፍል ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። በቆዳ ካንሰር ምክንያት አፍንጫው ተቆርጦ አዲስ አበባ ላይ የተሠራለት ሰው በሦስተኛው ወር ይመጣል። ቁስሉ ደርቋል፣ መልኩም ደህና ነው፤ የሚተነፍሰው ግን በአፉ ነው። ቀዳዳውን ስናየው የእርሳስ ጫፍ እንኳ አያስገባም። አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገናው ጥሩ ተሠርቷል፤ ችግሩ የመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። የሐኪምዎ ትእዛዝ ከዚህ ጋር ከተለያየ የሐኪምዎን ይከተሉ፤ እጁን አስገብቶ ያየው እሱ ነው።

መጀመሪያ ይህን ይወቁ፦ ለምን ይዘጋል?

አፍንጫ ሦስት ድርብ አለው፤ ውጪ ቆዳ፣ መሀል ልም አጥንት፣ ውስጥ ደግሞ እርጥቡ ስስ ሽፋን። ካንሰሩ ሦስቱንም ከበላ ሦስቱም መተካት አለባቸው። ልም አጥንት ሳይኖረው ቆዳ ብቻ የተሸፈነ አፍንጫ ምሰሶ እንደሌለው ድንኳን ነው፤ አየር በሳቡ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የውስጥ ሽፋን ካልተተካ ደግሞ ባዶው ቁስል በጠባሳ ይድናል፣ ጠባሳም ሲድን ይሰበሰባል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መዘጋት አለ፦ መስመጥና መጥበብ። መፍትሔያቸው ይለያያል፤ ደረጃ 7 ላይ እንዴት እንደሚለዩ አሳያለሁ።

## ደረጃ 1፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት

1.1 የፓቶሎጂ (የተቆረጠው ሥጋ የላብራቶሪ ምርመራ) ውጤቱን ይያዙ። የተቆረጠው ሥጋ ጠርዙ ከካንሰር ነጻ መሆኑ በወረቀት ሳይረጋገጥ አፍንጫ ለማሠራት አይቸኩሉ። ከሥሩ ካንሰር ከቀረ አዲሱ ሥጋ ይሸፍነዋል፣ ሲገኝም ሁሉም እንደገና ይፈርሳል። ውጤቱ እስኪመጣ ቁስሉ ታሽጎ መቆየቱ ያሳቅቃል፣ በተለይ ሰው ፊት ሲወጡ። ቢሆንም ይጠብቁ። ጨረር ሕክምናም የታሰበ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዲነገርዎ ይጠይቁ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ይቀይረዋል።

1.2 የዛሬውን ትንፋሽዎን ይመዝግቡ። በኋላ «ከድሮው ባሰብኝ ወይስ እንደዚሁ ነበርኩ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው አሁን ከተጻፈ ብቻ ነው። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ እነዚህ አምስት ነገሮች ምን ያህል እንዳስቸገሩዎት ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይስጡ፤ 0 ምንም አላስቸገረኝም፣ 4 ደግሞ እጅግ አስቸግሮኛል ማለት ነው።

- አፍንጫ ማፈን
- ጭራሽ መዘጋት
- በአፍንጫ ለመተንፈስ መቸገር
- እንቅልፍ መረበሽ
- ሲሠሩ ወይም ሲራመዱ በአፍንጫ በቂ አየር ማጣት

ደምረው በ5 ያባዙት። ከ100 የወጣውን ቁጥር ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ ቀዝቃዛ የእጅ መስታወት ከአፍንጫዎ ሥር ይያዙና አፍዎን ዘግተው ይተንፍሱ። ሁለት የላቦት ክቦች ይወጣሉ። የትኛው እንደሚያንስ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ከድሮም አንዱ ወገን የታፈነ ከነበረ፣ የመሀሉ ግድግዳ የተጣመመ ወይም አለርጂ ያለብዎ ከሆነ ለሐኪሙ አሁኑኑ ይናገሩ።

1.3 ለሐኪሙ እነዚህን ይጠይቁ። ብዙ ሰው «ሐኪሙ ያውቃል» ብሎ ዝም ይላል። ሐኪሙ ማወቁ አይካድም፤ አንተ ካላወቅህ ግን ቤት ስትገባ ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም።

- ከሦስቱ ድርብ የትኛው ተቆርጧል? የውስጡ ሽፋን በምን ይተካል?
- ልም አጥንቱ ከየት ይወሰዳል፤ ከአፍንጫ መሀል ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይስ ከጎድን?
- የአፍንጫው ክንፍ (የቀዳዳው የውጪ ጎን) ከተነካ ጠርዙ ላይ ልም አጥንት ይገባል ወይ?
- ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ ይደረግልኛል ወይ? ከየት አገኛለሁ? ለስንት ጊዜ?
- ሥራው በስንት ዙር ያልቃል? ቀኖቹስ መቼ መቼ ናቸው?

ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት። ክንፉ በተፈጥሮው ጠርዙ ላይ ልም አጥንት የለውም፤ ወፍራም ሥጋና ስብ ነው። እንደገና ሲሠራ ግን ያስፈልገዋል፣ ካልገባለት ይሰበሰባል ወይም ይሰምጣል። ጉዳቱ ትንሽና ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ላያስፈልግ እንደሚችል ይነግርዎታል፤ ያም ጥሩ መልስ ነው።

1.4 ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ያቁሙ። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት፣ ከዚያም ቁስሉ እስኪድን። ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ አዲሱ ሥጋ የሚኖረውም በእነሱ ነው። ጫትም የደም ሥር ያጠባል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል፤ «በርጫው ያረጋጋኛል» የሚለውን ምክንያት እዚህ አይቀበሉት። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪሙ ይናገሩና እሱ ይወስን።

1.5 ዕቃ ያዘጋጁ። ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ)፣ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሁለት ተጨማሪ ትራስ፣ የእጅ ባትሪ። ባትሪውን አይርሱ፤ መብራት በሄደ ሌሊት ቁስሉን የሚያዩበት እሱ ነው።

## ደረጃ 2፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ከቀዶ ጥገናው ሲወጡ አፍንጫው ውስጥ ጎዝ ተጠቅጥቆ ወይም ቱቦ ተሰፍቶበት ይሆናል። በአፍ መተንፈስ ግድ ነው። አፍ ይደርቃል፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ፣ ከንፈር ላይ ቫዝሊን ይቀቡ።

1. ራስዎን ከፍ አድርገው በጀርባዎ ይተኙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ትራስ ይበቃል።
2. ለሁለት ሳምንት ንፍጥ አይናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ።
3. ጎዙን ወይም የተሰፋውን ቱቦ አይጎትቱ። የሚያወጣው ያስገባው ሐኪም ነው።
4. አዲሱ አፍንጫ የተሠራው ከግንባር ተገልብጦ በወረደ ሥጋ ከሆነ ሥጋውን ከቅንድብ አጠገብ የሚያገናኘውን ማያያዣ ምንም ነገር አይጫነው። ሻሽ ሲያስሩ፣ ነጠላ ሲያጣፉ፣ መነጽር ሲያደርጉ ይጠንቀቁ። ደሙ የሚመጣው በዚያ በኩል ብቻ ነው።

ቀለሙን ማየት፦ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላትና መገርጣት በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ በቀን ብርሃን አዲሱን ሥጋ አጠገቡ ካለው ጤነኛ ግንባር ጋር ያስተያዩ፣ በየቀኑም በተመሳሳይ ቦታ ፎቶ ያንሱ። ወደ ሐምራዊ ጠቁሮ ካበጠና ከተወጠረ ደም መውጫ አጥቷል። አመድ መስሎ፣ ሟሽሾ ከቀዘቀዘ ደም አልደረሰውም። በሁለቱም ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ደም ቢፈስ፦ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ከማያያዣው ጠርዝ ትንሽ ደም መንጠባጠቡ የተለመደ ነው፤ ንጹሕ ጎዝ ለስለስ አድርገው ያስደግፉበት። ከውስጥ የሚፈስ ከሆነ ቁጭ ይበሉ፣ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ወደ አፍ የመጣውን ይትፉ። ሁላችንም የምናውቀውን አፍንጫን በጣት ቆንጥጦ መያዝ እዚህ አያድርጉ፤ አዲሱን ሥራ ያደቀዋል። ደሙ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቀጠለ ወይም ገና ከጅምሩ ብዙ ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣም እንዲሁ።

በጾም ወቅት ከሆነ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኩ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ቁስል ያድናሉ። አልጾምም ማለት ከከበደዎ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየማዕዱ አይጥፋ።

## ደረጃ 3፦ ማጠብ

ሐኪሙ «አሁን እጠቡ» ካለ በኋላ ብቻ ይጀምሩ። ደርቆ የሚጋገረው ቅርፊት ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ከሥሩም ቁስሉን ያቆስላል።

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
2. ሳላይኑን ለብ ያድርጉት፤ ከነጠርሙሱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ያቆዩት።
3. ገንዳ ላይ ያዘንብሉ፣ አፍዎን ይክፈቱ።
4. የሲሪንጁን ጫፍ በቀዳዳው በር ላይ ብቻ ይያዙ። ወደ ላይ ወደ ዓይን በኩል ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ እንዲሄድ ያድርጉ።
5. ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በዝግታ ይግፉ። ሲሪንጁን በኃይል አይተኩሱ።
6. እንዲንጠባጠብ ይተዉት፤ አይናፈጡ።
7. በሩ ላይ ስስ ቅባት ይቀቡ።

በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ከፋርማሲ ሳላይን ከጠፋ 1 ሊትር ውኃ ለሦስት ደቂቃ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ያልተከመረ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ከ24 ሰዓት በኋላ ይድፉት። ሳይፈላ የቧንቧ ውኃ አይጠቀሙ።

ቅርፊቱ ካልወጣ፦ በጥፍር ወይም በወረንጦ አይንቀሉ። ሳላይን ያንጠባጥቡ፣ ቅባት ይቀቡ፣ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፣ እንደገና ይጠቡ። ዛሬ ካልተነሳ ነገ ይነሳል።

ወደ አፍንጫ ምንም የማይገቡ ነገሮች፦ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም። ለጉንፋን የለመድናቸው ናቸው፣ አዲስ ቁስል ላይ ግን ያቃጥላሉ ወይም ቆሻሻ ያስገባሉ፤ ቅቤ ደግሞ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ቁስሉ እስኪዘጋ ከአንገት በታች ይሁን። በእንፋሎት መታጠንም ክልክል ነው። አዲሱ ቆዳ ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል አይነግርዎትም። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጠቀሙ፣ የሚከፍቱት የደም ሥር በማጥበብ ነውና።

## ደረጃ 4፦ ቱቦው (አብዛኛው ሰው የሚወድቅበት)

ቱቦው ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ጠባሳ ቀዳዳውን ሲሰበስብ መሀል ላይ ተቀምጦ ይከላከላል። ጠባሳ በኃይል የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ አንድ ዓመት ይለሰልሳል። ሕመሙ የሚጠፋው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ቱቦውን የሚያወጣው ልክ ጠባሳው በሚበረታበት ሰዓት ነው።

አንዲት እናት ለዘመድ ሠርግ ብለው ቅዳሜ ጠዋት ቱቦውን አውጥተው በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ማክሰኞ ሊመልሱት ሲሞክሩ አልገባም። እኛ ጋ ሲመጡ ከመሐረቡ ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ፤ ከቀዳዳው ጋር ሳስተያየው ቀዳዳው በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ቁጥር አንሷል። ጠያቂ መጣ፣ ለቅሶ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለብኝ እያሉ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ሀፍረቱ ይገባኛል። ጭምብል አድርገው ይውጡ፤ ቱቦውን ግን አያውጡ።

4.1 ልኩ፦ ቱቦው ሳይገፋ የሚገባ፣ ሲያጎነብሱም የማይወድቅ መሆን አለበት። ጠርዙን የሚወጥር፣ የሚያሳምም ወይም አካባቢውን የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ተልቋል፤ ልም አጥንቱን ያቆስላል። ሐኪሙን ሦስት ቱቦ ይጠይቁ፤ አንዱን የሚያደርጉት፣ ሁለተኛውን ተመሳሳይ መለዋወጫ፣ ሦስተኛውን አንድ ቁጥር ያነሰ።

4.2 በቀን ሁለቴ ማጽዳት፦

1. ንጹሑን መለዋወጫ አዘጋጅተው ያስቀምጡ።
2. በቱቦው ዙሪያ ሳላይን ያንጠባጥቡ፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ።
3. በቀስታ እያዞሩ ያውጡ።
4. አፍንጫውን በደረጃ 3 መሠረት ይጠቡ።
5. ንጹሑን ቱቦ ስስ ቅባት ቀብተው ወዲያው ያስገቡ። አቅጣጫው በአፍንጫው ወለል ላይ ወደ ኋላ ነው።
6. የቱቦውን ክር በወረቀት ፕላስተር ጉንጭ ላይ ያጣብቁ፣ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት።
7. የወጣውን በሳሙና ይጠቡ፣ በሳላይን ያለቅልቁ፣ አድርቀው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ። አይቀቅሉት፣ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል፤ በረኪናም አያግባ።

4.3 ሰዓቱ፦ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ ከማጽጃው ደቂቃ በስተቀር። በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ሌሊት ብቻ። ለወራት የሚቆይ ነው፣ ቀኑን ቆጥሮ የሚያቆመውም ሐኪሙ ነው። በቀን ለማውጣት ሲፈቀድልዎ ማታ ሲመልሱት ጠበቅ ካለብዎ ገና ጊዜው አልደረሰም፤ ወደ ሙሉ ቀን ይመለሱና ለሐኪሙ ይደውሉ።

4.4 ችግር ሲገጥም፦

*አልመለስ ካለ፦* አይግፉት። ሳላይን፣ ቅባት፣ አምስት ደቂቃ እረፍት፣ እንደገና ሙከራ። ካልሆነ አነስተኛውን ያስገቡና በማግስቱ ወደ ሐኪም ይሂዱ። እሱም ካልገባ ዛሬውኑ ይሂዱ። እንዲህ ያለውን ቀጠሮ እስኪደርስ ማቆየት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና መጥራት ነው።

*ከጠፋ፦* መለዋወጫውን ያድርጉ። የመጠጫ ስትሮ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ወይም ሌላ ጠንካራ ነገር ቆርጠው አያስገቡ፤ ጠርዙ ይቆርጣል።

*ወደ ውስጥ ከገባ፦* ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ በአፍ ይተንፍሱ፣ በጣት አይከተሉት፤ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ። ሳል ወይም የትንፋሽ እጥረት ካለ ድንገተኛ ክፍል።

*ሌሊት እየወደቀ ካስቸገረ፦* ፕላስተሩን ከማጣበቅ በፊት ጉንጭዎን ከቅባትና ከወዝ ያጽዱ። የአዳማ ሙቀት ላብ ያበዛል፤ አብዛኛው የሚወድቀው በዚህ ነው።

## ደረጃ 5፦ ማያያዣው የሚቆረጥበት ቀጠሮ

ከግንባር የመጣ ሥጋ ማያያዣው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ይቆረጣል። ሥራው በሦስት ዙር ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ሥጋው ይሳሳል፣ በስድስተኛው ይቆረጣል። እስከዚያ ቀዳዳው በወፍራም ሥጋ የተሞላ መስሎ ትንፋሽ ሊጠብብዎ ይችላል፤ የማሳሳቱ ዙር አንዱ ዓላማ ይህን መክፈት ነው።

አዲስ አበባ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ አለርት ወይም ሌላ ሆስፒታል ቀጠሮ ካለዎ የመንገዱን ገንዘብና አብሮ የሚሄደውን ሰው ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በፊት ይወስኑ። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ጠዋት ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ ሰው የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ አልቆ ነው። ከቀሩ ይደውሉና ሌላ ቀን ይያዙ። ቅርብ ነው ብለው ሥራውን ለማያውቅ ክሊኒክ «ይቺን ቁረጥልኝ» አይበሉ።

## ደረጃ 6፦ ነፋስ፣ አቧራና ጭስ

አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት፤ በበጋ ነፋሱ ከነአቧራው ነው። ባጃጅ ሲሳፈሩ ከነፋሱ ተከልለው ይቀመጡ፣ ላላ ያለ ጭምብል ያድርጉ፤ የጭምብሉን ሽቦ አፍንጫ ላይ አይጫኑት። ቤት ሲገቡ ይጠቡ።

እንጀራ መጋገር፣ በርበሬ መቁላት፣ ቡና መቁላት፣ እጣን ማጨስ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከሌለ በር ከፍተው፣ ራቅ ብለው፣ ምጣዱ ላይ ሳያጎነብሱ። ከቤት ሲወጡ ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ይህን ዕድሜ ልክ ሊይዙት ይገባል፤ ሁለተኛው ካንሰር የሚመጣው ከዚያው ፀሐይ ነው።

## ደረጃ 7፦ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይፈትሹ

አምስቱን ጥያቄዎች እንደገና ይሙሉ፣ መስታወቱን ይድገሙ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ከበለጠ ምክንያቱን እንዲህ ይለዩ፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ብቻ።

1. መስታወት ፊት ሆነው በአፍንጫ ፈጠን አድርገው አየር ይሳቡ። ክንፉ ወደ ውስጥ ከተጠባ መስመጥ ነው።
2. ሁለት ጣት ከአፍንጫው አጠገብ ጉንጭ ላይ አድርገው በቀስታ ወደ ጆሮ ይሳቡና ይተንፍሱ። አየሩ ከተከፈተ አሁንም ግድግዳው ደክሟል ማለት ነው።
3. ሁለቱም ለውጥ ካላመጡና ቀዳዳው ራሱ ትንሽ ከሆነ መጥበብ ነው።

መስመጥ በቱቦ አይድንም፤ ልም አጥንት መጨመር ይፈልጋል። መጥበብ ገና ትኩስ ከሆነ እየጨመሩ በሚሄዱ ቱቦዎችና በጠባሳው ውስጥ በሚወጋ ስቴሮይድ (ጠባሳ በሚያለሰልስ መድኃኒት) ሊመለስ ይችላል። የቆየ ከሆነ ጠባሳው እስኪለሰልስ ተጠብቆ በቀዶ ጥገና ይከፈታል። ስለዚህ መጥበብ ሲጀምር ቶሎ መሄድ ከሁሉም በላይ ያዋጣል።

በአንድ ወገን ብቻ ደም የቀላቀለ መታፈን፣ የማይድን ቅርፊት፣ አዲስ እብጠት ወይም መደንዘዝ ካዩ ጠባሳ ነው ብለው አይለፉት፤ ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮ ቀንዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ሲሄዱ ደብተሩን፣ የመስታወቱን ፎቶዎች፣ የመጀመሪያውን የፓቶሎጂ ወረቀትና የሚጠቀሙበትን ቱቦ ይያዙ። ቱቦውን በኪስ ሳይሆን አፍንጫዎ ውስጥ አድርገው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ልኩን የሚያየው እዚያው እንዳለ ነው።